ፍሎራይድ የአፍ ህዋስ ይገድላል? የላቦራቶሪው ምርመራ እንዴት እንደሚሠራና ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ

የአሜሪካዋ ዩታ ግዛት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በመጠጥ ውሃ ላይ ፍሎራይድ መጨመርን በሕግ ከለከለች። ከግዛቶቹ ሁሉ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በሜይ ደግሞ ፍሎሪዳ ተከተለቻት። እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር «ፍሎራይድ የድድ ህዋስ እንደሚገድል በላቦራቶሪ ተረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር አብሮት ይዞራል። እናቶች የልጆቻቸውን የጥርስ ሳሙና አንስተው ይጥሉት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ዓረፍተ ነገሩ እውነትነት አለው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለ የድድ ህዋስ በቂ ፍሎራይድ ከፈሰሰበት ይሞታል። የገበታ ጨው ቢበዛበትም ይሞታል። ዋናው ጉዳይ መጠኑ ስንት እንደነበር፣ ህዋሱ ላይ ለስንት ሰዓት እንደቆየና ፈሳሹ ምን ያህል አሲድ እንደነበር ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያልጠቀሰ ዜና የምርመራውን ውጤት ገና አልነገረንም።

ስንት ፍሎራይድ የት ይገኛል?

ፍሎራይድ ፍሎሪን የተባለው ንጥረ ነገር በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚይዘው መልክ ነው። በድንጋይ፣ በአፈር፣ በሻይ ቅጠልና በውሃ ውስጥ በተፈጥሮ አለ። መጠኑ የሚለካው በፒፒኤም ሲሆን፣ 1 ፒፒኤም ማለት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

ልዩነቱን ለማየት ከታች ወደ ላይ እንውጣ። ምንም ሳንቦርሽ በምራቃችን ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከ0.01 እስከ 0.05 ፒፒኤም ገደማ ነው። በአሜሪካ የቧንቧ ውሃ ላይ ሲጨመር የሚመከረው መጠን 0.7 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሲሆን፣ በእኛ አገር ስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የሚገኝበት የከርሰ ምድር ውሃ አለ። በየቀኑ የምንጉመጠመጥበት ፈሳሽ 226 ገደማ ይይዛል። የተለመደው የጥርስ ሳሙና ከ1,000 እስከ 1,500 ይደርሳል። የጥርስ ሐኪም የሚቀባው አሲዳማ ጄል 12,300፣ ቫርኒሽ 22,600፣ የጥርስ መቦርቦርን ለማስቆም የሚውለው 38 በመቶ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ደግሞ 44,800 ገደማ ነው። ከምራቃችን እስከ መጨረሻው ድረስ ሚሊዮን እጥፍ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ርቀት አለ። ስለዚህ «ፍሎራይድ ጎጂ ነው» ወይም «ፍሎራይድ ደህና ነው» የሚለው ንግግር ያለ ቁጥር ትርጉም የለውም።

የምርምር ጽሑፎች ብዙ ጊዜ በፒፒኤም ፈንታ ሚሊሞላር የሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። ለፍሎራይድ 1 ሚሊሞላር 19 ፒፒኤም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፦ የሶዲየም ፍሎራይድ ክብደትና የፍሎራይድ ክብደት አንድ አይደሉም። ከሶዲየም ፍሎራይዱ ፍሎራይድ የሆነው 45 በመቶው ብቻ ነው፤ የተረፈው ሶዲየም ነው። አንድ ጽሑፍ «100 ፒፒኤም ሶዲየም ፍሎራይድ» ካለ፣ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ 45 ፒፒኤም ነው። ሁለቱን ያምታታ ዘጋቢ ውጤቱን ከእጥፍ በላይ ያዛባዋል።

ምርመራው የሚሠራው በየትኛው ህዋስ ነው?

ከአፍ የሚወሰዱት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከድድ ሥጋ ውስጥ የሚገኘውና ቃጫ የሚሠራው ፋይብሮብላስት ነው። ሁለተኛው የአፍን ውስጠኛ ቆዳ የሚሸፍነው ኬራቲኖሳይት ነው። የመንጋጋ ጥርስ ሲነቀል አብራ የምትወጣ ትንሽ የድድ ቁራጭ በሰውየው ፈቃድ ተወስዳ፣ ታጥባና ተከትፋ ህዋሶቿ እንዲራቡ ይደረጋል። እነዚህ ከሰው አፍ በቀጥታ የመጡ በመሆናቸው ለእውነታው ይቀርባሉ፤ ግን ከሰው ሰው ይለያያሉ፣ ጥቂት ጊዜ ከተራቡ በኋላም ያረጃሉ።

በዚህ ምክንያት ብዙ ላቦራቶሪ ሳይሞት የሚራባ የህዋስ ዘር ይጠቀማል። ለሕክምና ዕቃዎች ምርመራ የታወቀው ኤል929 የተባለው የአይጥ ፋይብሮብላስት ነው። ርካሽ ነው፣ በቶሎ ይራባል፣ ውጤቱ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይቀራረባል። ሆኖም የአይጥ እንጂ የሰው ድድ አይደለም።

ስለ ህዋስ ማንነት መጠንቀቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የኬቢ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ይህ የህዋስ ዘር እ.ኤ.አ. በ1955 ከአፍ ካንሰር እንደተገኘ ተመዘገበ፤ ለአሥርት ዓመታትም «የአፍ ህዋስ» እየተባለ ምርምር ሲሠራበት ኖረ። በኋላ በዘረ መል ሲፈተሽ ሄላ ሆኖ ተገኘ። ሄላ እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች አሜሪካዊት የማኅፀን በር ካንሰር የተወሰደና በጣም በፍጥነት የሚራባ ህዋስ ነው። አንዲት ጠብታ ሌላ ሳህን ውስጥ ከገባች ነባሩን ህዋስ አጥፍታ ቦታውን ትይዛለች። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ኬቢን «የአፍ ህዋስ» ብሎ ከጠራው፣ የቀረውንም በጥርጣሬ ማንበብ ተገቢ ነው። ጥሩ ላቦራቶሪ የህዋሱን የዘረ መል አሻራ አስመርምሮ ይጽፋል፤ በዓይን የማይታየውና ውጤት የሚያዛባው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ አለመኖሩንም ያረጋግጣል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ሥራው የሚሠራው የእጅ መዳፍ በሚያህል፣ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ግልጽ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ 10,000 ገደማ ህዋሶች በ100 ማይክሮ ሊትር መመገቢያ ፈሳሽ ይጨመራሉ፤ ይህም ሁለት የውሃ ጠብታ ያህል ነው። ፈሳሹ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ማዕድናትና አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ የጥጃ ሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) አለው። ሳህኑ 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ኢንኩቤተር ውስጥ ለ24 ሰዓት ያድራል። ህዋሶቹ በዚህ ጊዜ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይጣበቃሉ። ሳይጣበቁ ፍሎራይድ ከተጨመረባቸው ታጥበው ይሄዱና እንደሞቱ ይቆጠራሉ።

በማግስቱ የፍሎራይዱ ፈሳሽ ይዘጋጃል። 84 ሚሊ ግራም ሶዲየም ፍሎራይድ በ100 ሚሊ ሊትር መመገቢያ ፈሳሽ ሲሟሟ 20 ሚሊሞላር ወይም 380 ፒፒኤም ይሆናል። ከዚያ በግማሽ በግማሽ እየቀጠነ 10፣ 5፣ 2.5፣ 1.25 እያለ ይወርዳል። ዱቄቱን በቀጥታ በመመገቢያው ፈሳሽ ማሟሟት ይሻላል፤ በውሃ በጥብጦ መጨመር መመገቢያውን ያቀጥነዋል፣ ህዋሱም በረሃብ ይጎዳና ጥፋቱ ወደ ፍሎራይድ ይዞራል።

ከፍሎራይዱ ጎን ማነጻጸሪያዎች የግድ ናቸው። ምንም ያልተጨመረበት ህዋስ አለ፤ እንደሚገድል አስቀድሞ የታወቀ ነገር የተጨመረበት ህዋስ አለ፤ ህዋስ የሌለበት ባዶ ፈሳሽም አለ። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ በተመሳሳይ ሚሊሞላር የተለመደው ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ የተጨመረበት። ይህ ከሌለ ህዋሱን የጎዳው ፍሎራይዱ ይሁን የጨውነቱ ብዛት መለየት አይቻልም።

የተወሰነው ሰዓት ሲሞላ ኤምቲቲ የተባለ ቢጫ ቀለም ይጨመራል። በሕይወት ያለ ህዋስ ኢንዛይሞቹ ይህን ቢጫ ወደ ሐምራዊ ቅንጣት ይለውጡታል፤ የሞተ ህዋስ አይለውጠውም። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ከተጠበቀ በኋላ ቅንጣቱ በማሟሟያ ፈሳሽ ይሟሟና መሣሪያ በ570 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ የቀለሙን ጥልቀት ያነባል። እንበል ያልተነካው ህዋስ 0.85፣ ባዶው 0.05፣ ፍሎራይድ የነካው 0.53 አነበበ። ባዶው ከሁለቱም ሲቀነስ 0.80 እና 0.48 ይቀራል፤ ስለዚህ የተረፈው 60 በመቶ ነው። አይኤስኦ 10993-5 የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ዕቃዎች መመዘኛ ከ70 በመቶ በታች የወረደውን «ህዋስ የመጉዳት አቅም ያለው» ይለዋል። «አቅም» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል፤ መመዘኛው ራሱ ይህን ውጤት ለተጨማሪ ምርመራ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አያደርገውም።

ስለ ሶዲየም ፍሎራይድ የተሠሩት ጥናቶች በጥቅሉ የሚያሳዩት እንዲህ ነው፦ ከ1 ሚሊሞላር በታች ለ24 ሰዓት ቢቆይም የድድ ፋይብሮብላስትን እምብዛም አይነካም። ጥቂት ሚሊሞላር ሲደርስ ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል፤ ወደ 10 እና 20 ሲጠጋ አብዛኛው ህዋስ ይሞታል። ድንበሩ እንደ ህዋሱ ዓይነትና እንደ ሰዓቱ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ፍሎራይድ ህዋሱን በምን ይጎዳዋል?

ፍሎራይድ ኤሌክትሪክ የተሞላ ቅንጣት በመሆኑ የህዋሱን ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ሃይድሮጂን ይይዝና ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይሆናል፤ ይህኛው ሽፋኑን ሰንጥቆ ይገባል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አሲድነት የሚለካው በፒኤች ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ፒኤች 7 ላይ ከፍሎራይዱ በዚህ መልክ የሚገኘው ከ10,000 አንድ ወይም ሁለት ነው። ፒኤች 5 ላይ 1.5 በመቶ ይደርሳል። የአሲዳማው ጄል ፒኤች በሆነው 3.5 ላይ ደግሞ ሲሶው ያህል ነው። ስለዚህ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ፈሳሽ በአሲድነቱ ብቻ ፍጹም የተለያየ ውጤት ይሰጣል።

ውስጥ ከገባ በኋላ ህዋሱ ስኳር አቃጥሎ ጉልበት የሚያገኝበትን መንገድ ያውካል፤ በተለይ ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግደዋል። ጉልበት ያነሰው ህዋስ ፕሮቲን መሥራት ይቀንሳል፣ ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይበዙበታል፣ መጠኑ ከጨመረም ራሱን በራሱ የማጥፋት ሂደት ይጀምራል። ይኸው ኢንዛይም ማገድ ጥርስ በሚያቦረቡሩት ባክቴሪያዎችም ላይ ይሠራል፤ ስኳር በልተው አሲድ መሥራታቸውን ይቀንሰዋል።

ውጤቱ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

አንዱ ከባድ ችግር ካልሲየም ነው። በብዛት የሚሠራበት መመገቢያ ፈሳሽ 1.8 ሚሊሞላር ካልሲየም አለው። ፍሎራይድ ሲበዛ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ እንደ ደቃቅ ዱቄት ይዘቅጣል። ያኔ ህዋሱ ያገኘው ፍሎራይድ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ያንሳል፤ ካልሲየሙም ስለሚጎድልበት ህዋሱ በሌላ ምክንያት ይታመማል። መፍትሔው ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ ማየትና የቀረውን ነጻ ፍሎራይድ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ መለካት ነው። «ያደረግነው ይህን ያህል ነው» ብሎ «የለካነው ይህን ያህል ነው» የማይል ጽሑፍ ይህን እርምጃ ዘሎታል።

ኤምቲቲ ራሱም ያሳስታል። የሚለካው የህዋሱን የኢንዛይም ሥራ ነው፤ ፍሎራይድ ደግሞ ይህንኑ ሥራ ያቀዘቅዛል። ቀለሙ ቢቀንስ ህዋሱ ሞቶ ወይም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ምርመራ መታከል አለበት፦ የሞተ ህዋስን ብቻ ሰማያዊ የሚያደርገው ትራይፓን ብሉ፣ ወይም ሽፋኑ ከተቀደደ ህዋስ የሚፈስሰውን ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም መለካት። ቀለሙ ቀንሶ ኤልዲኤች ካልጨመረ ህዋሱ ደክሟል እንጂ አልተቀደደም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ንጹሕ መመገቢያ ሲሰጠው ያገግም እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

የጥርስ ሳሙና በቀጥታ ሲፈተን ደግሞ ሌላ ተጠርጣሪ አለ። አብዛኞቹ ሳሙናዎች አረፋ እንዲወጣቸው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ይጨመርባቸዋል። ይህ ቅባት አሟሚ በመሆኑ የህዋስን ሽፋን ያፈርሳል፤ በሳህን ላይ ከፍሎራይድ እጅግ ባነሰ መጠን ይገድላል። ሳሙናው ህዋስ ገደለ ማለት ፍሎራይዱ ገደለ ማለት አይሆንም። ለመለየት ያው ሳሙና ፍሎራይዱ ብቻ ቀርቶ መፈተን አለበት። የፍሎራይዱ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል፤ በሞኖፍሎሮፎስፌት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከፎስፌት ጋር ታስሮ ስለሆነ በኢንዛይም እስኪፈታ ድረስ ነጻ አይሆንም፣ በስታነስ ፍሎራይድ ውስጥ ደግሞ ቆርቆሮው ራሱ ህዋሱ ላይ የሚሠራው ሥራ አለው።

ትንንሾቹም ስህተቶች ይደማመራሉ። በሳህኑ ጠርዝ ያሉት ጉድጓዶች ቶሎ ስለሚተኑ ፈሳሻቸው ይወፍራል፤ እነሱን በውሃ ሞልቶ ለምርመራ አለመጠቀም ይመረጣል። ፍሎራይድ፣ በተለይ አሲዳማ ከሆነ፣ ብርጭቆን ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጣል። እያንዳንዱ መጠን ቢያንስ በሦስት ጉድጓድ፣ ሙከራው በሙሉ ደግሞ በተለያየ ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። በአንድ ሳህን ላይ ሦስት ጉድጓድ መሙላት ሦስት ሙከራ አይባልም።

ታዲያ በሳህን የሞተው ህዋስ አፌ ውስጥም ይሞታል?

ቁጥሮቹን ያየ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስደነግጠው አይቀርም። 1,450 ፒፒኤም ያለው የጥርስ ሳሙና 76 ሚሊሞላር ነው። አንዱ እጅ ሳሙና ከሦስት እጅ ምራቅና ውሃ ጋር ቢቀላቀል እንኳ ወደ 19 ሚሊሞላር ይጠጋል፤ ይህ መጠን በሳህን ላይ ለ24 ሰዓት ቢቆይ አብዛኛውን ህዋስ ይገድላል። ታዲያ ድዳችን በየጠዋቱ ለምን አይላጥም?

የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው። የምጣድን ግለት በጣት ነካ አድርጎ መፈተሽና መዳፍን እላዩ ላይ አስቀምጦ መቆየት አንድ አይደሉም፤ ምጣዱ ግን ያው ምጣድ ነው። መቦረሽ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ ይተፋል። ምራቅ ሳያቋርጥ ስለሚፈስስና ስለምንውጠው በአፍ የቀረው ፍሎራይድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ጥቂት ፒፒኤምና ከዚያም በታች ይወርዳል። በሳህኑ ላይ ግን የሚያጥበው የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሽፋኑ ነው። በሳህን ላይ ያለው ህዋስ አንድ ድርብ ሆኖ ተጋልጦ ተኝቷል። አፋችን ውስጥ ፋይብሮብላስት የሚኖረው ከብዙ ድርብ ኬራቲኖሳይት ሥር ነው፤ ድድና ላንቃ ላይ የላይኛው ድርብ የጠነከረ ነው፣ በላዩም ምራቅ ያለብሰዋል። ከላይ የተጎዳው ተራግፎ ከሥር በመጣው ይተካል። ለዚህ ነው አሁን ላቦራቶሪዎች ከሰው ህዋስ ብዙ ድርብ ያለው የድድ ቁራጭ አሳድገው፣ ምርቱን ከላይ ለጥቂት ደቂቃ ቀብተውና አጥበው የሚፈትኑት። ስለ ጥርስ ሳሙና ወይም ስለ መጉመጥመጫ መናገር ለፈለገ ተመራማሪ ይህ ከ24 ሰዓቱ ሙከራ የበለጠ ይጠቅማል።

በጣም የበረቱት ምርቶች ግን አፍ ውስጥም ምልክት ይተዋሉ። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ድድ ከነካ ቦታው ነጭ ይሆንና ሊያቃጥል ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ ድዱን አስቀድሞ ቫዝሊን ቀብቶ፣ አካባቢውን በጥጥ አድርቆ፣ በጣም ትንሽ ጠብታ በትንሽ ብሩሽ ጥርሱ ላይ ብቻ ያስቀምጣል። የቆሰለ ድድ ካለ ያንን ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል፤ የቆሰለ ቦታ ያ የሚከላከለው ሽፋን የለውም።

ይህ ምርመራ የማይመልሰው ጥያቄ የትኛው ነው?

የድድ ህዋስ ምርመራ የሚናገረው ፍሎራይድ ሲነካው ስለሚሆነው ነው። ሲዋጥ ስለሚሆነው አይናገርም። በወንጂ፣ በመተሐራና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የምናየው የጥርስ መበለዝ ከዚህ ምርመራ ጋር አይገናኝም። የበለዘው ጥርስ የተጎዳው ገና በመንጋጋ ውስጥ ሳለ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ኢናሜሉ (ጠንካራው የጥርስ ሽፋን) ሲሠራ፣ በየቀኑ በተጠጣ ውሃ በኩል በደም በመጣ ፍሎራይድ ነው። መጠኑ የድድ ህዋስን ከሚገድለው እጅግ ያነሰ ነው፤ ግን ለዓመታት ሳያቋርጥ ይደርሳል። እዚያ ያለ ቤተሰብ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ውሃው ነው። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድ አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የሚያወጡት በተቃጠለ አጥንት ከሰል ማጣራት፣ በአሉምና በኖራ ማዝቀጥ የመሳሰሉት ናቸው፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም አማራጭ ነው።

ስለ ልጆች አእምሮ የሚነሳውም ክርክር ሌላ መስክ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምገማ፣ ከ1.5 ፒፒኤም በላይ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ መጠጣት ከልጆች የአእምሮ ብቃት መለኪያ ዝቅ ማለት ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ የእርግጠኝነት ደረጃ ደምድሟል። ለ0.7 ተመሳሳይ ድምዳሜ ለመስጠት መረጃው በቂ እንዳልሆነም ጽፏል። ይህ የሰዎችን ኑሮ በመከታተል የተገኘ ነው፤ የድድ ህዋስ ሳህን አያረጋግጠውም፣ አያፈርሰውምም።

ለልጄ ስንት ልጠቀም?

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል። የአተር ፍሬዋ ሩብ ግራም ገደማ ስለሆነች ከ1,450 ፒፒኤሙ ሳሙና 0.36 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ትይዛለች። ትልቅ ሰው ይጭመቅለት፣ ልጁ ይትፋ፤ ቱቦው ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የምትጠጡት ውሃ ከ1.5 በላይ ከሆነ ለትንሽ ልጅ የትኛው ሳሙና እንደሚሻል የጥርስ ሐኪም ይወስን።

አስቸኳይ ሕክምና የሚጠይቀው መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ 50 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ከ1,450 ፒፒኤሙ ሳሙና 34 ግራም ገደማ፣ የ100 ግራም ቱቦ ሲሶ ማለት ነው። ሕፃኑ ብዙ ሳሙና በልቶ ከተገኘ ወተት አጠጥቶ፣ ምልክት ባይታይበትም፣ ቱቦውን ይዞ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። የወተቱ ካልሲየም በሳህኑ ላይ ምርመራ ሲያበላሽ ያየነውን ሥራ ሆድ ውስጥ ይሠራል፤ ፍሎራይዱን ይይዘዋል፣ ወደ ደም የሚገባውንም ይቀንሰዋል። ቱቦው ላይ የተጻፈው የፒፒኤም ቁጥር ደግሞ ሐኪሙ ልጁ የዋጠውን ለማስላት የሚያስፈልገው ነው።